ያ ቱቦ አልተበከለም ነበር

(በ1997 ዓ.ም. ተመራቂዎች 20ኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ከዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ጋር ስለ መኖር እንድናገር ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የ25 ዓመት ዕዳ አለብኝ፤ እሱን ልክፈል።

1992 ዓ.ም.፣ ሁለተኛ ዓመት፣ የባዮኬሚስትሪ ላቦራቶሪ። የኛ ምድብ ልጆች ታስታውሱታላችሁ። እያንዳንዳችን የራሳችንን ሽንት ይዘን ገባንና አምስት ሚሊ ሊትር የቤኔዲክት ፈሳሽ ላይ ስምንት ጠብታ ጨምረን አፈላን። የሁላችሁም ቱቦ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። የኔ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ሸክላ ቀላ። የላቦራቶሪ ረዳቱ «ቱቦው በደንብ አልታጠበም፤ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት፤ አሁንም ቀላ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም አብሬ ሳቅኩና «ጠዋት ከረሜላ በልቼ ነው» አልኩ። የሚገርመው፣ አንድ ክፍል ሙሉ የሕክምና ተማሪ አመነኝ።

ያ ቱቦ አልተበከለም ነበር። በዚያ ሰሞን ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ነበር የማጠብበው። ሌሊት አራት ጊዜ እነሣለሁ፣ የዶርሙን ጀሪካን ውሃ ብቻዬን እጨርሳለሁ፤ «ግመሏ» ያላችሁኝም ለዚህ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ሆስፒታል ሄጄ ስመረመር የደም ስኳሬ ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው እስከ ዛሬ ኢንሱሊን እወጋለሁ።

ለምን ደበቅሽ ትሉኝ ይሆናል። እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ደግሞ «ልጄ፣ ይሄን ነገር ለሰው እንዳትነግሪ። መርፌ ላይ ናት ከተባልሽ ማን ያገባሻል? ማንስ ሥራ ይሰጥሻል?» አለችኝ። እናት ናትና አልፈርድባትም። እኔም ፈራሁ። ብልቃጤን በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ቀበርኩት። ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የምወጋው። ከአንዲት የዶርም ጓደኛዬ በቀር ማንም አላወቀም።

ለሐኪሜም ቢሆን እውነቱን አልነገርኩትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ግሉኮሜትር ላከልኝ፤ አብሮት የመጣው ስትሪፕ በአንድ ወር አለቀ። ክትትል በሄድኩ ቁጥር ግን «ደብተርሽ የታል?» እባላለሁ። ስለዚህ ዋዜማው ማታ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፦ 112፣ 126፣ 118። እውነት እንዲመስል አልፎ አልፎ 190 ጣል አደርግበታለሁ። ሐኪሜ ያይና «ጎበዝ» ይለኛል። ጎበዝ የተባለው እስክርቢቶዬ ነበር።

አሁን ደግሞ እዚህ ያሉት መምህሮቼ ሰምተውት የማያውቁትን ልናገር። በኢንተርንነት ጊዜዬ አንድ ሌሊት ሕፃናት ዋርድ ዱቲ ነበርኩ። ማታ ኢንሱሊኔን ወግቼ እራት ልበላ ስል ድንገተኛ ታካሚ መጣ፤ እራቱ በዚያው ቀረ። ኤንፒኤች ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ እንደሚበረታ ለፈተና በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ለራሴ ግን አላሰብኩትም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአንድ ሕፃን መድኃኒት አዘዝኩ። የዋርዱ ሲስተር ካርዱን አይታ «ዶክተር፣ እስኪ ይሄን ደግመሽ እይው» አለችኝ። አየሁት፤ ግን ቁጥሩ ምንም ትርጉም አልሰጠኝም። እጄን ያዝ ስታደርገው በላብ ርሷል። ምንም ሳትጠይቀኝ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር በጥብጣ «ጠጪ» አለችኝ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ካርዱን ሳየው አንድ ዜሮ ጨምሬያለሁ። አሥር እጥፍ ማለት ነው።

ሕፃኑ የተሰጠው የታረመው መጠን ነው፤ በሰላም ወደ ቤቱ ሄደ። ሲስተር «ወንድሜ ስኳር አለበት። ገና ከመጣሽ ጀምሮ አውቄያለሁ፤ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ። የኔ ምስጢር በሰው ልጅ ላይ ሊወርድ እንደነበር የገባኝ ያን ሌሊት ነው። በማግስቱ ለኃላፊዬ ነገርኩ። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር አልደረሰብኝም። የተባልኩት «ዱቲ ላይ እራትሽን ሳትበዪ እንዳትወጊ» ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሐኪም ታካሚ ይረዳል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከተመረቅኩ ከዓመታት በኋላ፣ ቆላማ አካባቢ ባለ ሆስፒታል የስኳር ክሊኒክ ስሠራ፣ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ደብተሯ ላይ ያለው ሁሉ ከ130 በታች ነው፤ በኛ መሣሪያ ስትለካ 380። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፈ። አንዲት የደም ነጥብ እንኳ የለበትም። ጣቱን ወግቶ የሚጽፍ ሰው ደብተር እንደዚያ ንጹሕ አይሆንም። ዘዴውን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ታዲያ ምን አልኳት መሰላችሁ? «መርፌሽን ስለማትወጊ ነው። ራስሽን ልትገድይ ነው?» አባትየው መሬት መሬት ያያል። ወረፋው ረጅም ነበርና የሁለት ወር ኢንሱሊን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት በቃሬዛ መጣች። ዲኬኤ ነው፤ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን፣ አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት። በሦስተኛው ቀን ስትነቃ አባቷ ወደ ጎን ጠራኝ። «ዶክተር፣ መርፌውን የምወጋት እኔው ነኝ። አንድም ቀን አላጎደልንም። ማስመለስ ስትጀምር እንሂድ ብላት ‹ዶክተሯ ትቆጣኛለች› ብላ አለቀሰችብኝ። ሁለት ቀን በዚያ ዘገየን» አለኝ።

ኢንሱሊኑን የት ነው የምታስቀምጡት ብዬ የጠየቅኩት ያን ቀን ነው። ልጆች እንዳይደርሱበት፣ ክብርም እንዲያገኝ ብለው በቆርቆሮ ሳጥን አድርገው ከጣሪያው ሥር ሰቅለውታል። ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ሰውየው በየቀኑ በታማኝነት ልጁን ሲወጋት የኖረው ሙቀት የገደለውን መድኃኒት ነበር። በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን ደግሞ ሁልጊዜ መልኩን አይለውጥም፤ ስታየው ደህና ሊመስል ይችላል። ቁጥሩን የፈጠረችው ስትሪፕ ስላለቀባትና ስለፈራችኝ ነው። በአዲስ ብልቃጥ፣ በዚያው በድሮው መጠን ስኳሯ ወረደ።

መፍትሔውንም ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። በክትትል የሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ ለአባትየው አሳዩት፦ ትልቅ ማሰሮ፣ በውስጡ ትንሽ ማሰሮ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፤ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጠዋት ማታ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጥ ይተኛል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ፍሪጅ የሌለው ቤት ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ኬንያ ውስጥ በዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ የነበረውን ሙቀት መነሻ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ጉልበቱን እንደማያጣ አሳይተዋል። ጠላቱ ከዚያ ያለፈው ሙቀት፣ የፀሐይ ጨረርና በረዶ ነው። የበረደ ኢንሱሊን ይጣላል።

ልጅቷ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሯን ስትሰጠኝ አንዱ መስመር ላይ 312 የሚል አየሁ። አጠገቡ ትንሽ የደም ነጥብ አለ። በሐኪምነት ዘመኔ እንደዚያ ያስደሰተኝ ቁጥር የለም፤ እውነት ነበርና።

ውድ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ይሄው ነው፦ ቁጥሩን ያፈረበት ሰው ቁጥሩን ይደብቃል፤ በተደበቀ ቁጥር ደግሞ ማንም ሊታከም አይችልም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። አንድ ታካሚ በየሁለት ወሩ እየመጣ አሥር አሥር ደቂቃ ብናየው በዓመት አንድ ሰዓት ነው። የቀረው 8,759 ሰዓት የራሱ ነው። ስንት እንደሚወጋ፣ ምን እንደሚበላ፣ ላብ ሲያጠምቀው ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው እሱ ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ዶክተር ኤሊዮት ጆስሊን ኢንሱሊን ሳይገኝ እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳተመው መመሪያ ከርእሱ ጀምሮ ለሐኪምና ለታካሚ በጋራ እንዲያገለግል የተጻፈ መሆኑን ይናገራል። የለንደኑ ዶክተር ሮቢን ሎውረንስ ራሱ የስኳር ታማሚ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ኢንሱሊን ከሞት አፋፍ መለሰው። እሱ እንደኔ አልደበቀም፤ በ1934 ከደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ጋር ሆኖ የታካሚዎች ማኅበር አቋቋመ።

እርግጥ ነው፣ ቁጥር ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነውና 1,441 ሰዎች የተሳተፉበት ዲሲሲቲ የተባለው ጥናት፣ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከባድ የስኳር መውረድ ደግሞ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደጨመረ ያሳየው ይኸው ጥናት ነው። «አሁንም ዝቅ አድርጊው» ስንል በሌላ በኩል ምን እያዘዝን እንደሆነ እንወቅ።

እኔ አሁን «ለምን ከፍ አለ?» ብዬ አልጀምርም። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ዋልሽ?» እላለሁ። ከዚያ ውስጥ የማገኛቸውን ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ምግብ። «እንጀራ ተዪ» ማለት ቀላል ነው፤ ልጅቷ ግን ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የምትበላው። ስንት እንደበላች እናቷም አታውቅም፣ እሷም አታውቅም። ስለዚህ ድርሻዋ በየቀኑ መጠኑ እኩል ሆኖ፣ ተጠቅልሎ በትሪው ጠርዝ ላይ ይቀመጥላት። ከማዕዱ አልተለየች፣ ልኩም ታወቀ። ጉርሻም ይቆጠራል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ያለ ስኳር ይጠጣል።

ሁለተኛ፣ የመርፌው ቦታ። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲወጋ ሥጋው ያብጥና ሕመሙ ይቀንሳል፤ ስለማያም ታካሚው እዚያው ይመላለሳል። ከዚያ እብጠት የሚገባው ኢንሱሊን አንድ ቀን ቶሎ ይሠራል፣ አንድ ቀን ይዘገያል። መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ሆዱንና ጭኑን በእጃችሁ ዳስሱ።

ሦስተኛ፣ ጾም። «አትጹሚ» ብለን ስንዘጋው ጾሙ አይቀርም፤ ለኛ መንገሩ ነው የሚቀረው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጠዋት ኤንፒኤች ወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ሰው መንገድ ላይ ትወድቃለች። እኔ የንስሐ አባቷን አነጋግራ እንድትመጣ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ አባቶች «ከሥጋና ከወተቱ ጹሚ፤ ሰዓቱ ግን ላንቺ አይደለም» ይሏታል። ለረመዳንም እንደዚሁ፤ እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው። ከ70 በታች ከወረደ ግን ጾሙ ወዲያው ይፈታል። ጸበልንም በሚመለከት የምለው አንድ ነው፦ ሂጂ፣ ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ። በዓይነት አንድ ሕመም ኢንሱሊን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወት ያሳጣል።

አራተኛ፣ የሕመም ቀን። «አላስበላኝም፣ ስለዚህ አልወጋሁም» የሚለውን ያልሰማ ሐኪም የለም። ትኩሳትና ማስመለስ ራሳቸው ስኳር ይጨምራሉ። መጠኑ ይስተካከል ይሆናል እንጂ ኢንሱሊን ጨርሶ አይቋረጥም። ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ ማስመለሱ ካላቆመ በዚያው ቀን ይምጣ። ስትመጣም አንቆጣ።

አምስተኛ፣ የስኳር መውረድ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ካልተሻለ መድገም፣ ከዚያ ምግብ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሕክምና ይሮጣል። ይህን ታካሚው ብቻ ሳይሆን የክፍል ጓደኛው፣ የሥራ ባልደረባው፣ ባለቤቱ ሊያውቅ ይገባል። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሕመሙ መነገር አለበት።

አሁን ሦስት ልመና አለኝ።

ለመምህሮቻችን፦ እያንዳንዱ የሕክምና ተማሪ አንድ ሳምንት እንደ ታካሚ ይኑር። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ሳይሆን ሳላይን ይውጋ፣ ጣቱን ወግቶ ይለካ፣ ኪሱ ውስጥ ስኳር ይያዝ፣ ደብተር ይሙላ። እሁድ ሲደርስ ስንቱን ቁጥር እንደፈጠረ በሐቅ ይናገር። ያን ተማሪ ዲኬኤን ከማስተማር በላይ ያስተምረዋል።

ከውጭ ለመጣችሁ፦ ግሉኮሜትር ስትልኩ መጀመሪያ የዚያ መሣሪያ ስትሪፕ እዚህ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። ያለዚያ የምትልኩት እንደኔው የአንድ ወር መሣሪያ ነው። ኢንሱሊን የምታመጡም ከሆነ በእጅ ሻንጣችሁ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አታድርጉት፤ እዚያ ሊበርድ ይችላል።

በየሆስፒታሉ ላላችሁ፦ ታካሚዎቻችሁን እርስ በርስ አገናኙ፤ ወደ ቤታቸውም ቅረቡ። ጎንደርና ጅማ ያሉ ባልደረቦቻችን ነርሶች አሠልጥነው ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደውታል። ከሆስፒታሉ ወረፋ ነርሷ ትቀርባለች፤ ማሰሮውንም ያስተማሩን ሽማግሌው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ያቺን ሲስተር ዛሬ እዚህ ባገኛት ደስ ባለኝ ነበር። እማዬ ግን መጥታለች፤ እዚያ ከኋላ ተቀምጣለች። ይህን ሁሉ ለሕዝብ እንደምናገር ትናንት ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲህ ካገባሽ ቆየሽ፤ ተናገሪ» አለችኝ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምሳ ይቀርባል። እኔም ከመብላቴ በፊት እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ በናንተ መካከል ተቀምጬ እወጋለሁ። ሽንት ቤት አልገባም። አጠገቤ የምትቀመጡ እንዳትደነግጡ፤ ደብተሬን ማየት የሚፈልግም ካለ ይቅረብ። የዛሬ ጠዋቱ 214 ነው፤ ስለ ንግግሩ ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ ነው መሰለኝ።